ሰው ለጨረታ አይቀርብም

ካሜራውን ከቤቴ ያስወጣሁት በገዛ እጄ ነው። ከነእግሩ አንስቼ ደጅ አቆምሁት። ልጆቹ ደነገጡ፤ እኔም ደነገጥሁ። እንግዳ ተቆጥቼ ሳስወጣ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ጎረቤቶቼ ድምፄ ከፍ ሲል የሚሰሙት መድረክ ላይ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ዘውዴ ልቧን ታማለች። ሐኪሞቹ «አንዱ የልቧ በር በደንብ አይዘጋም፤ አዲስ አበባ ሄዳ መቀየር አለበት፤ ክረምት ሳይገባ ቢሆን ይሻላል» አሉን። የሚጠየቀው ገንዘብ በእኔ ጡረታ የሚታሰብ አይደለም። ይህን የሰሙ የፔዳ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «የሙዚቃና የሥዕል ዝግጅት አሰናድተን ገንዘብ እናሰባስባለን» ብለው መጡ። ዕድሜዬን የጨረስሁበት ሥራ ዞሮ ቤቴ ገባ ብዬ ደስ አለኝ። ሜሮን የምትባለው አስተባባሪያቸው ግን ገና ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ዘውዴን ወደ አልጋው መራቻት።

«እማማ፣ ትንሽ ጋደም ይበሉልን። ነጠላውን ከደረትዎ ዝቅ እናድርገው፣ ሲተነፍሱ እንዲታይ።»

«ለምኑ ነው ልጄ?»

«ሰው ካላየ አይሰጥም፣ እማማ።»

ይችን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ሰምቼ፣ አምኜ፣ በእሷ ምክንያት አንድ ሰው በድያለሁ። ካሜራውን ያነሣሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ የተማርሁ ሰው ነኝ። ስጽፍ እጄ ይዘገያል፣ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እጽፈዋለሁ። ግን ይህን ነገር ሳልጽፈው ብሞት ቁጭቱ አብሮኝ የሚቀበር ይመስለኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራ የጀመርሁት ጣና ዳር ወደቡ ላይ በሸክም ነው። ጀልባዋ ልትነሣ ስትል «የዘጌ! የዘጌ ሰው!» እያልሁ የምጣራውም እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን የከተማችን ባህል አዳራሽ የኪነት ቡድን ወደ ዘጌ ሲሻገር ከበሮአቸውን በአናቴ ተሸክሜ፣ ውኃው ወገቤን ሲያልፍ አንዲት ጠብታ ሳላስነካ አደረስሁላቸው። የቡድኑ መሪ «ይህ ሰው ዕቃ ያውቃል» አሉና ቀጠሩኝ። ወንበር መደርደር፣ መጋረጃ መሳብ፣ ድንኳን መትከል ሥራዬ ሆነ። ኋላ ድምፄን ሰሙትና ጨረታ አጫራች አደረጉኝ። ደሞዙ የሚወራ አልነበረም። የቅጥር ወረቀቴም ጡረታ እስክወጣ ድረስ «የጉልበት ሠራተኛ» ነው የሚለው።

አለቆች ብዙ አየሁ። አንዱ ክራር ሲሰሙ የሚያንቀላፉ፣ ሲነቁ ግን «ግሩም ነው!» የሚሉ ደግ ሰው ነበሩ። ሌላው ስብሰባ የሚወዱ ነበሩ፤ ከበሮ ለመወጠር እንኳ ስብሰባ ይጠሩ ነበር። እኔን ሰው ያደረጉኝ ግን አለቃ አልነበሩም። ሠዓሊው መሪጌታ ጥሩነህ ናቸው።

መሪጌታ ዘራቸው የጣና ገዳማትን ሲያገለግል የኖረ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረው፣ ከተማ ገብተው የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፉ ይኖሩ ነበር። ለታመመ፣ ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ጣራው ለተገነጠለበት ትምህርት ቤት ዝግጅት ስናሰናዳ ለጨረታ የሚወጣውን ሥዕል የሚሠሩልን እሳቸው ናቸው። ያውም በነጻ።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ። ብሩሽ ከማንሣታቸው በፊት እርዳታ ወደሚሻው ሰው ቤት ይሄዳሉ። ሄደው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሰውየው መጀመሪያ ይጨነቃል፣ ምን ላቅርብ ይላል፣ ኋላ ግን ይሰለቸውና ወደ ሥራው ይመለሳል። ያኔ መሪጌታ የያዘውን ዕቃ «እስቲ ላንድ አፍታ» ብለው ይቀበሉትና በእጃቸው ይመዝኑታል። የሚሥሉት እሱን ነው። ቤቱ ለተቃጠለበት ሸማኔ መወርወሪያውን ሣሉ። ዓይኗን ለታመመች ሸክላ ሠሪ አንድ ገና ያልደረቀ ማሰሮ ሣሉ፤ የጣቷ አሻራ ሁሉ ይታይ ነበር። ፊት ግን ሥለው አያውቁም።

«ለምን ፊታቸውን አይሥሉም?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

«ፊት የምሥለው ሰው ለሚሳለመው ነው፣ አለበል። ለሚገበያየው አይደለም።»

ሸማውን እንጨት ላይ ሲለጥፉ ሙጫውን በመዳፋቸው እንጂ በብሩሽ አይቀቡም፤ አየር የቀረበት ቦታ በመዳፍ ነው የሚታወቅ ይላሉ። ሲጨርሱ ብሩሻቸውን ሦስት ጊዜ ያጥባሉ። ሁለት አይደለም፣ አራትም አይደለም። ከዚያ ሥዕሉን በነጠላ ይሸፍኑትና ለእኔ ይሰጡኛል። ጨረታው እስኪያልቅ አይገለጥም። ሰው የሚሰጠው ለችግረኛው ነው፤ ሥዕሉ የምስጋና ነው።

ደግሞ የእኛ ጨረታ እንደ ነጋዴ ጨረታ አይደለም። አንዱ አሥር ብር ሲል አሥሩን ወዲያው መድረኩ ላይ ባለው ሙዳይ ውስጥ ይጥላል። ሌላው አምስት ሲጨምር አምስቱን ይጥላል። ሥዕሉን የሚወስደው የመጨረሻው ነው፣ የሰጠው ግን ሁሉም ነው። የሚረዳው ሰው ደግሞ ከሕዝቡ መካከል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። ማን እንደሆነ አይነገርም። ተራው ሲደርስ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ተነሥቶ የበኩሉን ይጥላል። ይህችን ነገር መሪጌታ ከሁሉ ነገር አብልጠው ይጠብቋት ነበር። «በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀባይ ብቻ የሆነ ሰው እንዳይኖር» ይሉ ነበር።

የማጫረቱን ጥበብ እኔ ቀስ በቀስ አገኘሁት። ከፊት አይጀመርም። ከፊት ባለጠጋው ነው ያለው፣ እሱ ትልቁን ከጠራ የኋላው ሰው ያፍርና ኪሱን ይዘጋል። ከኋላ፣ ከቆሙት ነው የሚጀመር። ነገሩ ሲቀዘቅዝ ግራ እጄን አነሣለሁ፤ መሰንቆ መቺያችን አበጀ ዜማውን ከመካከል ይቆርጠዋል። ጸጥ ይላል። ያን ጸጥታ የሚችለው ሰው የለም፣ አንዱ «አምስት ብር!» ብሎ ይገላግለናል።

አንበሳሜ ገበያ ላይ ለትምህርት ቤት ጣራ ያደረግነው አይረሳኝም። ነፋስ ድንኳናችንን ሊወስደው ሲል ገበያተኛው ምሰሶ ምሰሶውን ይዞ እየተጫረተ ዋለ። አንዲት ሴት ብር የለኝም ብላ ዶሮ አመጣች።

«እማማ፣ ዶሮ ሙዳይ ውስጥ አትገባም!» አልኋት።

«ታዲያ አንተ ያዛታ! እጅህን ለምን ይሆን የፈጠረው?»

ገበያው ሳቀ። ዶሮዋን በብብቴ ይዤ፣ እሷ ስትንጫጫ እኔ ስጮህ ጨረታውን ጨረስሁ። ጣራውም ተሠራ። እንዲያ ያለ ሥራ ነበር። የሚያስቅ፣ የማያሳፍር።

አሁን ወደ አያልነህ ልምጣ።

አያልነህ የደቅ ደሴት ሰው ነው፣ የሐይቁን ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራ። በደሴቱ ሰው ሲጣላ ሽምግልና የሚቀመጠው እሱ ነበር። እግሩ ላይ ቁስል ወጥቶበት አጥንቱ ድረስ ገባ። ሐኪም ቶሎ ካልታከመ ለሕይወቱ ያሰጋል አለ። መሪጌታ ደቅ ሄደው ሁለት ቀን ተቀምጠው መጡ፣ ሥዕሉንም ሠርተው ሸፈኑት። አያልነህ የተስማማው እንዲህ ብሎ ነው። «ስሜ ካልተጠራ፣ እኔም እንደ ሰው ከጣልሁ፣ እመጣለሁ።»

ከዝግጅቱ በፊት መሪጌታ አንበሳሜ የምትኖር እህታቸው ሞተችባቸውና ለለቅሶ ሄዱ። «ሁሉን ታውቀዋለህ» ብለውኝ ነው የሄዱት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ሰው ጥቂት መጣ። ከፊት የተቀመጡት የተጋበዙ ባለጠጎች ሰዓታቸውን ያያሉ። ከኋላ የቆሙት በዝናቡ ምክንያት የተጠለሉ ገበያተኞች ናቸው። ግራ እጄን አነሣሁ፣ አበጀ መሰንቆውን ቆረጠ፣ ጸጥ አለ። ጸጥ እንዳለ ቀረ። ያን ጊዜ አዲሱ ኃላፊያችን ከመጋረጃው ኋላ ጠሩኝ።

«አቶ አለበል፣ እንግዶቹ ሊነሡ ነው። በሽተኛው የታለ?»

«አይነገርም ጌታዬ። ሕጋችን ነው።»

«የማን ሕግ? የሠዓሊው? ሰውየው ቢሞት ሕጉ ይቀብረዋል? አውጣውና ያሳይ። ሰው ካላየ አይሰጥም!»

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ፣ የተናገሩት ውሸት አለመሆኑ ነው። ውሸት ቢሆን እምቢ እል ነበር። ወደ መድረኩ ተመለስሁና በዚያ የዘጌን ሰው በምጣራበት ድምፄ «ከደቅ የመጡት አቶ አያልነህ ወደ መድረክ ይምጡልን!» አልሁ።

እሱ የሚሰጥበት ተራው የደረሰ መሰለው።

የጋቢውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሱ ሲፈታ አየሁት። አሥር ብር አወጣ። ብሯን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመዳፉ አቃናት። ዱላውን ተደግፎ እያነከሰ መጣ፣ ሰው ፊት መቆም እንደሚያፍር ሰው ፈገግ ብሎ። እጁን ወደ ሙዳዩ ሲዘረጋ ያዝሁት። «ቆይ ጋሼ» አልሁት። ጎንበስ አልሁና ጋቢውን ከእግሩ ላይ ገለጥሁት።

አዳራሹ «ውይ!» አለ። ሴቶች አለቀሱ። ከተጠለሉት መካከል ለገበያ የመጡ የደቅ ሰዎች ኖረዋል፣ እኔ አላወቅሁም፤ አንዷ «ወይኔ አያልነህ!» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ብሩ ዘነበ። ከፊት ያሉት እርስ በርስ እየተሽቀዳደሙ ጣሉ። ሙዳዩ ሞልቶ ኃላፊው ባርኔጣቸውን አቀረቡ። አያልነህ ግን አሥር ብሩን በሁለት ጣቱ እንደያዘ፣ እግሩ እንደተገለጠ፣ ቆሞ ያይ ነበር። ጭብጨባው ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አሁን ልጣል?» አለኝ።

ብሯን ጣላት። ጋቢውን ራሱ መለሰው። «የኔን ሰጥቻለሁ። የቀረውን ለየባለቤቱ መልሱ» አለና ወጣ። በማግስቱ በጠዋቷ ጀልባ ደቅ ገባ። ሥዕሉ ነጠላውን እንደለበሰ መድረኩ ላይ ቀረ። ካለቀሰው ሕዝብ ሁሉ አንድ ሰው እንኳ ስለ ሥዕሉ አልጠየቀም።

ገንዘቡን በቄስ ላክንለት፤ መለሰው። እኔ ራሴ ሄድሁ። ውኃው ዳር ተቀምጦ ደንገል እያሰረ አገኘሁት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«አንተ ደህና ሰው ነህ፣ አለበል። ክፉ ሰው ቢያደርገው እረሳው ነበር።»

«ገንዘቡን ተቀበለኝና ታከም። እኔን ከፈለግህ አትማረኝ።»

«ይችን እግር ልጆቼ እንኳ አላዩዋትም። እኔው ነኝ የማጥባት። አሁን ሽምግልና ስቀመጥ ሰው የሚያየው አፌን አይደለም፣ እግሬን ነው። ታክሜ ምን ሆኜ ልመለስ?» አለና ማሰሪያውን አጠበቀ። «በል ጀልባዋ እንዳታመልጥህ።»

መስከረም ሳይጠባ አረፈ። ሲቀበር አላየሁም፣ ፊት አልነበረኝም። በተመለሰው ገንዘብ ኃላፊያችን ለአዳራሹ አዲስ ድምፅ ማጉያ ገዙበት። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያ ድምፅ ማጉያ ነው የጮህሁት።

መሪጌታ ከለቅሶ ሲመለሱ ሁሉን ነገርኋቸው። እየሰሙኝ ብሩሽ ያጥቡ ነበር። ሦስተኛውን አጥበው ጨረሱና፣

«ጠየቅኸው?» አሉኝ።

«አልጠየቅሁትም።»

«ከመድረኩ እስከ እሱ ድረስ ስንት እርምጃ ነበር?»

«ሦስት ረድፍ ነው፣ መሪጌታ።»

ሥዕሉን ከነነጠላው አምጥተው ሰጡኝ። «አንተ ዘንድ ይቀመጥ። ሰው ሳይጫረትበት እንዳትገልጠው» አሉ። ይኸው እሳቸውም ሞቱ፣ እኔም አረጀሁ፣ ሥዕሉ ከቁም ሣጥናችን በላይ እንደተሸፈነ ኖረ። ዘውዴ አቧራውን ታራግፈዋለች እንጂ ገልጣ አይታው አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ማንንም ሰው መድረክ ላይ አላወጣሁም። ኃላፊው ሲያዙኝ «ያባርሩኝ እንጂ አላደርገውም» አልሁ፤ አላባረሩኝም። አጠገቤ ያለው ዓለም ግን ሁሉ የኃላፊውን ቃል ይዞ ሄደ። ዛሬ ስልክ ስትከፍት የሰው ቁስል ነው። እናት ልጇን ታቅፋ ስታለቅስ ከሥሯ መዝሙር ይለቀቅላታል። ያየው ሰው በጣቱ ነክቶ ያልፋል። ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጠው ደግሞ መስጠቱን ያሳያል። ሰጭው ፊቱን ያሳያል፣ ተቀባዩ ቁስሉን ያሳያል። ይህ ነው ወይ ሥራው? እኔ ድንኳን ስተክል፣ ከበሮ በአናቴ ስሸከም የኖርሁት ለዚህ ነው?

እንግዲህ ካሜራውን አስወጥቼ፣ ልጆቹም አንገታቸውን ደፍተው ሄደው፣ ዘውዴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«ተቆጥተህ ጨረስህ?»

«አልጨረስሁም።»

«እንግዲያስ እየተቆጣህም ቢሆን ስማኝ። ልጅቷ ጋደም በይ አለች እንጂ ትፈልጊያለሽ ወይ አላለችኝም። አንተም ካሜራውን ስታወጣ አልጠየቅኸኝም። የማን ልብ ነው ብለህ ነው?»

ስለ አያልነህ ከነገርኋት ሠላሳ ጊዜ ይበልጣል፤ ለካ ከእኔ ይልቅ እሷ ነች የገባት።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አልሁ።

«መዳን እፈልጋለሁ። መጀመሪያ በእናንተ ወግ ይሞከር፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እቀመጣለሁ። ካልሞላ ግን ሜሮንን እጠራታለሁ፣ አንተ ደጅ ትቀመጣለህ።»

«ደጅ?»

«ደጅ። ያውም ሳታጉረመርም።»

ለጨረታ የሚሆን ነገር የነበረን ያ ሥዕል ብቻ ነው። የእኔ ግን አይደለም። የአያልነህ ልጅ ሰብለ ሎሚ ይዛ ገበያ እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት በሩቅ ሳያት መንገድ ስቀይር ነው የኖርሁት። በዚህ ጊዜ ፊቷ ቆምሁ። ማን መሆኔን፣ የአባቷን ሥዕል ለታመመች ሴት ላጫርተው መፈለጌንም ነገርኋት። ሎሚዋን መደርደር አላቆመችም።

«አውቅዎታለሁ» አለች። «ፊቱ አለበት?»

«አላየሁትም። ሠዓሊው ግን ፊት አይሥሉም ነበር።»

«ሴትዮዋ ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት።»

አንዲት የተበላሸች ሎሚ ለይታ ጣለች። «ይሽጡት» አለች ኋላ። «ይቅር ብያለሁ ማለቴ ግን አይደለም። ሎሚ ይግዙ ወይ ይሂዱ፣ ገበያ ይዘጉብኛል።» ሎሚ ገዛሁ።

ሜሮንንም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ የአያልነህንም ነገር ነገርኋት። ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር በድንኳን ሆነ። ልጆቹ ክራርና ጊታር ይዘው መጡ። እኔ መድረክ ላይ ወጣሁ። ከኋላ ጀመርሁ፣ የሚጠራ የለም። ግራ እጄን አነሣሁ፣ ልጁ ክራሩን ቆረጠ። ጸጥ አለ። ጸጥታው ሲረዝም ያ የዝናቡ ቀን መጣብኝ።

«ሃያ ብር!»

ከሦስተኛው ረድፍ ነው። ዘውዴ ተነሥታ ቆማለች። በራሷ እግር መጣች፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። ወርጄ ልደግፋት ፈለግሁ። አልወረድሁም። ብሯን ጣለች፣ እንደማታውቀኝ ሁሉ «ይጥሩታ፣ ምን ይጠብቃሉ?» አለችኝ።

«ሃያ ብር ከሦስተኛው ረድፍ!» አልሁ። ሜሮን ስልኳን ከፍ ልታደርግ ጀምራ ነበር፣ መልሳ ጉልበቷ ላይ ደፋችው። ከዚያ ከኋላ አምስት ተጨመረ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቶ፣ ከዚያ ሺህ፣ መቆሚያ ጠፋ።

ሥዕሉን የወሰዱት ከዘውዴ ጋር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠሩ አምስት ሴቶች አንድ ላይ ሆነው ነው። ነጠላውን ገለጥሁት። ግማሽ የደረሰ ታንኳ ነው። የማሰሪያው ጫፍ ደንገሉ ላይ ተጋድሟል፣ ሠሪው አሁን ተነሥቶ የሄደ፣ አሁን የሚመለስ ይመስላል። ከድንኳኑ ጫፍ የሎሚ ቅርጫቷን እንዳዘለች ሰብለ ቆማ አየሁ። ሥዕሉን አየችው፣ እኔን አላየችኝም፣ ሄደች።

ገንዘቡ አልሞላም። ሲሶው ቀረ። ዘውዴን መድረክ ላይ አቁሜ ደረቷን ባሳይ በዚያው ሰዓት ይሞላ እንደነበር አውቃለሁ። ንዴቴ ያልበረደው ለዚህ ነው፤ በእኛ ወግ የሰጠውን ሰው እያመሰገንሁ፣ ወጉ ስላልበቃን እናደዳለሁ። በማግስቱ ዘውዴ ሜሮንን አስጠራቻት። እኔም በቃሌ መሠረት ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ካሜራው ሲተከል ሰማሁ፣ አጉረመረምሁም፣ አልዋሽም።

ከዚያ የልጅቷ ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ ምኑ እንዲታይ ይፈልጋሉ?»

«እጄ» አለች ዘውዴ። «እንዝርቱን አቀብይኝ። ፈትል ስፈትል እጄን አንሺኝ፣ የምለውን እኔው እላለሁ። ፊቴን ተይው።»

«እሺ፣ እማማ።»

የቀረው ሞላ። የመንገዱ ቀን ተቆርጦ ሻንጣው በር ላይ ተቀምጧል። እኔ ዛሬም ተቆጥቻለሁ፤ በኃላፊው፣ በድምፅ ማጉያው፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። ያች ልጅ ግን ሦስቱን ረድፍ ሄዳ ጠየቀች። እኔ ያን ቀን ያልሄድሁትን።